ሳትደውሉ ሂዱ፦ ጅማ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ እንዴት ይፈተሻል?

አምና ክረምት የእድራችን ኮሚቴ ሦስት ሰው መርጦ ወደ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ላከን። አንዷ እኔ ነበርኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ እድሩ በየወሩ ጤፍና ሳሙና ሊረዳ አስቧል፣ እኛ ቦታውን አይተን ለአባላቱ እንናገራለን። እንደ ጨዋ ሰው ደወልን፣ ቀን ቆረጥን፣ ሄድን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ቡናው ተፈልቷል። አልጋው ሁሉ አበባ ያለበት አዲስ አንሶላ ለብሷል፣ አረጋውያኑም ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። መረቁን። እኛም እንባችንን ጠርገን፣ ፎቶ ተነስተን ወጣን። ለእድሩ ያቀረብነው ሪፖርት ሁለት ቃል ነበር፦ "ገነት ነው"።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ብቅ አልኩ። እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ገና አላባራም። ሁሉም ተኝተዋል። በ11 ሰዓት! አበባው አንሶላ የለም፣ ፍራሹ ላይ ያለው ላስቲክ ነው። አንሶላዎቹን በኋላ አየኋቸው፤ ታጥበው፣ ተጣጥፈው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል፣ ለሚቀጥለው እንግዳ። ለሃያ ምናምን ሰው ያለችው አንዲት ልጅ ናት፣ እሷም ወጥ እያማሰለች። አንዲት እናት "ቢሻን፣ ቢሻን" ይላሉ። ልጅቷ ከሌላ ክልል የመጣች አዲስ ሠራተኛ ናትና በኦሮምኛ ውኃ እንደሚሉ አልገባትም። ቀድቼ ሰጠኋቸውና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ያፈርኩት በቤቱ ብቻ አይደለም፣ "ገነት" ባልኩበት አፌም ጭምር እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ ከወጣች ነርስ ጓደኛዬ ጋር ሆነን የሌላ አገር ተቆጣጣሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ አነበብን፣ የሚሆነንን ወሰድን፣ የማይሆነንን ተውን። እናቱን ወይም አባቱን ለማስገባት የሚያስብ ሰው፣ እርዳታ የሚሰጥ እድር ወይም የሰንበቴ ማኅበር፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ እዚያው የሚሠራም ሰው ከታች ባለው ዝርዝር ይጠቀምበት። ወላጅን መጦሪያ ማስገባት ነውር ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ፦ የቤተሰብ ሕጋችን ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመርዳት ግዴታ ይጥልበታል፤ መጦሪያ በር ላይ አድርሶ መመለስ ያንን ግዴታ አያወርድም።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ጠይቁ

ቤቱ ማን ነው? ግለሰብ በደግነት የከፈተው ነው፣ የሃይማኖት ተቋም ነው፣ ወይስ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት? ድርጅት ከሆነ የምዝገባ የምስክር ወረቀት አለው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በፌዴራል ደረጃ የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። አዋጁ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲቀርብ ያዛል፤ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰርተፍኬት አይታችሁ "ጥሩ፣ ፈቃድ አለው" ብላችሁ እንዳትመለሱ። የዓምናውን ሪፖርትና የኦዲት ወረቀት ጠይቁ። አሳይ ሲባል የሚቆጣ ሥራ አስኪያጅ ካጋጠማችሁ እሱንም ጻፉት።

ሁለተኛው ጥያቄ ሕክምና ይሰጣሉ ወይ ነው። መርፌ የሚወጉ፣ ቁስል የሚያጥቡ፣ መድኃኒት የሚያከማቹ ከሆነ ነገሩ ከምግብና ከመኝታ አልፏል፣ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚያገባው ጉዳይ ሆኗል። "ሕክምናውን የሚሰጠው ማነው? የባለሙያ ፈቃዱ የታለ? ሰው ሲታመም ወደየትኛው ጤና ጣቢያ ትወስዳላችሁ? ማታስ በምን?" ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ዝናብ በሚወርድበት ሌሊት፣ ጭቃ የዋጠው መንገድ ላይ፣ ባጃጅ በማይገባበት ሰፈር ያለ ቤት መልሷን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

2. ቀኑን ለማንም አትንገሩ

ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበል የአረጋውያን መንከባከቢያ በአማካይ በየ12 ወሩ ይፈተሻል፣ ቢዘገይ ከ15 ወር አያልፍም። ፈታሾቹ ሲመጡ ማንም አያውቅም። የሚመጡበትን ቀን ሹክ ያለ ሰው እስከ 2,000 ዶላር እንዲቀጣ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ያ ብቻ አይደለም፤ ከፍተሻዎቹ ቢያንስ 10 በመቶው በማታ፣ በማለዳ ወይም በዕረፍት ቀን እንዲጀመር ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም ቤት ጥሩ ቤት ነው።

እኛ መርማሪ አይደለንምና በር ሰብረን አንገባም። ግን መጀመሪያ ስትሄዱ፣ ገና እርዳታው ሳይጀመር ወይም አባታችሁ ሳይገቡ፣ እንዲህ በሉ፦ "እኛ ሳንደውል ነው የምንመጣው። ይስማማችኋል?" የተስማማ ቤት ጥሩ ምልክት ሰጥቷል። "አረጋውያኑ ይረበሻሉ" ካሉ የጸሎትንና የመኝታን ሰዓት አክብሩላቸው፣ ሌላውን ሰዓት ግን አትልቀቁ።

ለጅማ እኔ የምመርጠው ጊዜ ሐምሌ ነው፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ እሑድ ከሰዓት። እዚህ ከተማ ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ ለቀናት እርጥብ ሆኖ እንደሚቆይ የጅማ ሰው ሁሉ ያውቃል። መጦሪያ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። ሽንት የሚያመልጣቸው ሰዎች ባሉበት ቤት ለአንድ አልጋ ሦስት አንሶላ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፦ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ደርቆ ዕቃ ቤት ውስጥ። አልጋውን ቁጠሩ፣ አንሶላውን ቁጠሩ። በጋ ላይ በአንድ አንሶላ የሚሸውድ ቤት ሐምሌ ላይ አይሸውድም።

3. አፍንጫችሁን ተከተሉ

ከሳሎኑ አትጀምሩ። ሳሎን ለእንግዳ ነው። በቀጥታ ሽንት ቤቱን ጠይቁ፤ "ሽንት ቤት የት ነው?" ለማለት ሰበብ አያስፈልግም። መያዣ ብረት አለው? ወለሉ ያንሸራትታል? ማታ መብራት አለ? ከአልጋው እስከዚያ ስንት እርምጃ ነው፣ መሐል ላይ ደረጃ ወይም ጎርፍ የሚያልፍበት ቦይ አለ? እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና አለ? ሽታ ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ትንሽ የሽንት ሽታ የትም ይኖራል፣ ሰው ነው የሚኖርበት። መጥፎው በአንድ ክፍል ብቻ የከረመ ሽታ ነው፤ ያ ክፍል የማይነሱት ሰዎች ክፍል ነው፣ ማንም የማይገባበት። እሱን ሳታዩ እንዳትወጡ።

ወጥ ቤት ውስጥ ድስቱን ክፈቱ። ጥርስ ለሌላቸው ሰዎች ምን እንደተሠራ ጠይቁ። ሽሮና እንጀራ ለሁሉም እኩል ከቀረበ አንዳንዱ ሳይበላ ያድራል። አጥሚት፣ ገንፎ፣ የላመ ነገር አለ? የጾመውና ያልጾመው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ዕቃቸውና ሥጋቸው ተለይቷል? ጅማ ላይ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

4. አዛውንቱን ስታናግሩ

አንቱ በሉ፣ ቁጭ በሉ፣ አትቸኩሉ። ሠራተኛ አጠገብ ካለ በጨዋነት "ትንሽ ብቻችንን እንጫወት" በሉ።

"ተመችቶዎታል?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ "ተመስገን" ወይም "አልሐምዱሊላህ" ነው፤ ነገሩ እንዴትም ይሁን መልሱ እሱ ነው። የኛ አረጋዊ የሰው እጅ እየበላ አያማርርም። ነገም ያው ሰው ነው የሚያጎርሰው። ስለዚህ ስሜቱን ትታችሁ ነገሩን ጠይቁ፦

"ትናንት እራት ምን ነበር?"
"ገላዎን መጨረሻ የታጠቡት መቼ ነው? ማን አጠበዎት?"
"ሌሊት ሽንት ሲመጣ ማንን ይጠራሉ? ቶሎ ይመጣሉ?"
"የጡረታ ብሩን ማን ያወጣል?"

አንድ ጥያቄ ለአራት አምስት ሰው ጠይቁና መልሶቹን አስተያዩ። የሦስት ሰው እራት ተመሳሳይ ሆኖ ከምግብ ዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ ዝርዝሩ ግድግዳ ማስዋቢያ ነው። አእምሯቸው የደከመውንም እለፉ አልላችሁም። ቀኑን ባያውቁም የሚፈሩትን ሰው ያውቃሉ። አንድ ሠራተኛ ሲገባ ፊታቸው ሲለወጥ ዓይናችሁ ይየው።

ቋንቋ! ጅማ ላይ ያለ መጦሪያ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ቀንም ሌሊትም ከሌለው ግማሹ ሰው ዲዳ ነው። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም የመጡም አሉ፤ ሰው ሲያረጅ ደግሞ ኋላ የለመደው ቋንቋ ሊጠፋውና የልጅነቱ ብቻ ሊቀር ይችላል። እናንተም ስትሄዱ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የኔ "ቢሻን" ታሪክ የቤቱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ሦስታችንም ያወራነው በአማርኛ ነበር፣ ከሚመልሱልን ሰዎች ጋር ብቻ።

ፎቶ ግን አታንሱ። እኛም አንስተን ነበር፣ አሁን አፍርበታለሁ። እርቃኑን ያለ፣ ያለቀሰ፣ አፉ የተከፈተ አረጋዊ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ገንዘብ ሲለመንበት ካያችሁ ያም በራሱ በፍተሻው ላይ የሚጻፍ ጉድለት ነው።

5. ገላ አይዋሽም

እዚህ ላይ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ቢኖራችሁ ይመረጣል፣ የአረጋዊውን ፈቃድ መጠየቅም የግድ ነው።

ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ሰዎች በመተኛት ብዛት ይቆስላሉ። ቦታው የታወቀ ነው፦ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት። የነርሶች መማሪያ "ቀይ ቦታ ፈልጉ" ይላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። ጓደኛዬ ያስተማረችኝ በእጅ ጀርባ ዳሰስ ማድረግ ነው። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል። የተለመደው የነርሶች ደንብ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። "ታገላብጣላችሁ?" ሳይሆን "መጨረሻ ያገላበጣችሁት ስንት ሰዓት ላይ ነው? የት ተጽፏል?" በሉ።

ክብደት ሌላው ነው። ሚዛን አላቸው? በየወሩ ይጽፋሉ? በአንድ ወር ውስጥ 5 በመቶ፣ በስድስት ወር ውስጥ 10 በመቶ መቀነስ የአሜሪካ ፈታሾች በቸልታ የማያልፉት ነገር ነው። በቀላሉ ሲሰላ፣ 50 ኪሎ የነበሩ እናት በወር ውስጥ 47 ተኩል ከሆኑ "እርጅና ነው" ተብሎ አይታለፍም። አንድም አልበሉም፣ አንድም ታመዋል።

ጥፍር፣ ከንፈር፣ ጥርስ ወይም ድድ፣ ዓይን። መነጽራቸው የታለ? ከዘራቸውስ? ከዘራ ከአልጋ ርቆ የተቀመጠበት ቤት "እንዳይነሱ" ብሎ ያስቀመጠበት ቤት ሊሆን ይችላል። እጅ አንጓ ላይ የገመድ ወይም የጨርቅ ምልክት ካያችሁ ቆም በሉ። "እንዳይወድቁ ነው" ይሏችኋል። አሜሪካ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንከባከቢያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ሰውን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ማሰር ከልክሏል። በመድኃኒት ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፉ ሰዎች ከበዙ ምን እንደሚወስዱ ጠይቁ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች አእምሯቸው በእርጅና በተዳከመ ሰዎች ላይ ሞትን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስጠንቀቂያ አስጽፏል። ጸጥ ያለ ቤት ሁሉ ሰላም ያለበት ቤት አይደለም።

6. አሁን መዝገቡን ክፈቱ

ሆን ብዬ ወደ ኋላ ያስቀመጥኩት ነው። መዝገብ ቀድማችሁ ካያችሁ ዓይናችሁ መዝገቡን ያምናል። የፈታሾች ጥበብ ሦስት ነገር ማስተያየት ነው፦ ያየኸው፣ የሰማኸው፣ የተጻፈው። ሁለቱ ገጥመው ሦስተኛው ካፈነገጠ ጉዳዩ እዚያ ነው ያለው።

ሁለት ሰው ብቻ ምረጡ፣ በጣም የደከሙትን። የእነሱን መዝገብ ከአልጋቸው ጋር አስተያዩ። ለስኳር ኢንሱሊን ይወስዳሉ ከተባለ ኢንሱሊኑ የታለ? ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋስ? የደም ግፊት ክኒን "ተሰጥቷል" እያለ በየቀኑ ተፈርሟል፣ ብልቃጡ ግን ሞልቶ ከሆነ ፊርማው የቅዳሜ ሥራ ነው፤ የሳምንቱን አንድ ላይ የፈረመ ሰው አለ። ይሄን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ሰባት ፊርማ።

የወደቁ ሰዎች መዝገብ አለ? "እኛ ጋ ወድቆ የሚያውቅ የለም" የሚል መጦሪያ አትመኑ፣ ሽማግሌ ይወድቃል። ሲወድቅ የሚጽፍ ቤት ነው ጤነኛው። የገንዘቡን ደግሞ በግልጽ ጠይቁ፦ ጡረታ የሚወጣው በማን ውክልና ነው፣ ደረሰኙ የት ነው፣ መታወቂያቸውና የባንክ ደብተራቸው በማን እጅ ነው።

7. ሠራተኛውን በሌሊት ቁጠሩ

ቀን ስንት ሰው እንዳለ ማንም ይነግራችኋል። ሌሊት ማን ያድራል? አንድ ዘበኛ ብቻ ከሆነ ሌሊት መጦሪያው የለም ማለት ነው። ሠራተኞቹን አትክሰሱ፤ ደመወዝ ስንት ወር እንዳልተከፈላቸው ጠይቋቸው፣ ብዙው ጉድ የሚወጣው ከዚያ ነው።

8. ጉድለቱን መዝኑ

ያያችሁትን ሁሉ እኩል አትጻፉ። አሜሪካኖቹ ጉድለትን ከኤ እስከ ኤል በ12 ሳጥን ይከፋፍሉታል፤ አራት የክብደት ደረጃ ሲባዛ በሦስት የስፋት ደረጃ። ለእድር ኮሚቴ ይሄ ይበዛል፣ ሐሳቡ ግን ወርቅ ነው። ለእያንዳንዱ ጉድለት ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ስንት ሰው ነካ? ምን አደረሰ? የተላጠ ቀለም ሁሉንም ሰው ይነካል፣ ማንንም አይጎዳም። የተቆለፈ የእሳት መውጫ እስካሁን ማንንም አልጎዳም፣ ነገ ግን ሁሉንም ይገድላል። የአንድ ሰው ቁስል አንድ ሰው ነው፣ ግን ዛሬ ሐኪም ይፈልጋል። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካያችሁ ሪፖርት እስክትጽፉ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሕክምና እንዲሄዱ አድርጉ።

9. ለቤቱ ስጡት፣ ካልሆነ ወደ ላይ

መጀመሪያ ለራሱ ለመጦሪያው በጽሑፍ ስጡ። ለእያንዳንዱ ጉድለት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ጽፈው ይፈርሙ። በቃል "እናስተካክላለን" አይበቃም።

ካልተስተካከለ፣ ወይም ነገሩ ድብደባና ስርቆት ከሆነ፣ ቀበሌውና በከተማው አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይን ሥራ የያዘው ጽሕፈት ቤት አለ። ሕክምና ነክ ከሆነ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው፣ ወንጀል ከሆነ ፖሊስ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለውና የአረጋውያን መብት የሥራው አካል ነው። ማመልከቻው ውስጥ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንዲያስብ ይላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል ደግሞ መጦሪያ ያሉ አረጋውያን አገሪቱ ያወጣችውን ዝቅተኛ መመዘኛ የሚያሟላ እንክብካቤ እንዲያገኙ ያዛል። ይሄ ፕሮቶኮል በ2016 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቀበሉት ነው። እንዲህ ስትጽፉ ልመና አይመስልም።

"ይዘጋ" ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ግን አስቡ። ሃያ ሰው የት ይሄዳል? በር ሲዘጋ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ከሆኑ የተቀጣው ባለቤቱ አይደለም። ሌላ ማረፊያ ሳይገኝ እንዲዘጋ አትጠይቁ፤ ሌላ አስተዳዳሪ፣ የሌሊት ሠራተኛ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ በሳምንት አንድ ቀን እንዲመጣ ጠይቁ።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነበር። እድሩ ጤፉን ትቶ የሁለት የሌሊት አስታማሚ ደመወዝ ያዘ፣ አንዷ ኦሮምኛ ተናጋሪ እንድትሆን ተስማማን፣ አበባው አንሶላ ከካርቶኑ ወጣ። ያ ከሆነ ሦስት ወሩ ነው። የመመለሻው ቀን በኔ ስልክ ላይ ተመዝግቧል፣ ለኮሚቴው ሁለት ሰዎች እንኳ ገና አልነገርኳቸውም። ጠዋት በሩ ላይ ስንገናኝ ያውቁታል።